ካሳ ማርሚታ እና ሁለቱ ቀለበቶቼ

ኮቦ ወርዳችሁ «የካሳ ማርሚታ ቤት የት ነው?» ብትሉ የሚያሳያችሁ አታጡም። ከአስፋልቱ ዳር፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ማርሚታ የምንለው ያው የመኪናን ጭስ ከሞተሩ ተቀብሎ በኋላ በኩል የሚያስወጣውን ቧንቧ ነው። ካሳ ከእሱ ሌላ አይሠራም። የብረት በር ይዛችሁ ብትሄዱ «ማዶ ውሰዱት» ብሎ ወደ ጎረቤቱ ይልካችኋል። እኔ ዘላለም እባላለሁ፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፤ አፌ አያርፍም፣ ቁጣዬም ቅርብ ነው። ስለ ካሳ በየሻይ ቤቱ ብዙ ክፉ አውርቻለሁና ዛሬ እውነቱን ላውራ። ብቻ ሳልጨርስ እንዳትነሱብኝ።

ካሳ የሮቢት ገጠር ልጅ ነው። አባቱ ገብረ ማርያም የውኃ አባት ነበሩ። የራያ ቆላ ዝናብ አይታመንም፤ ገበሬው ማሽላውን የሚያጠግበው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው ጠልፎ ነው፣ ቦዩንም ጠለፋ ይለዋል። የውኃ አባት ማለት እንግዲህ ተራውን የሚያዝ፣ ጠቡን የሚያበርድ ሰው ነው። ታዲያ ውኃው አልሄድ ሲል ሰው ሁሉ አካፋውን ይዞ ወደ ጠለፋው አፍ ይሮጣል። ገብረ ማርያም ግን ወደ ጅራቱ፣ ቦዩ ወደሚያልቅበት ነበር የሚሄዱት። ጅራቱ ከተደፈነ ውኃው ይተኛል፤ ውኃው ከተኛ ደግሞ አፉን አንድ ክንድ ብታሰፋውም ትርፉ ድካም ነው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ጅራቱን ማን እንደደፈነው ቢያውቁም ስሙን አይጠሩም። ድፍኑን በሰው ፊት ይከፍቱና አካፋቸውን ተደግፈው ዝም ይላሉ። ያ ሰው ራሱ «እኔ ነኝ» እስኪል ይጠበቃል። እንዳለ እሳቸው «ወረደ» ይላሉ፣ ሸክሙ ከላይህ ወረደ ማለታቸው ነው፤ አለቀ፣ ቅጣትም የለም ቂምም የለም። ዝም ያለ እንደሆነም ማንም ክፉ አይናገረውም፤ ብቻ በሚቀጥለው ጎርፍ አብሮት የሚቆም ሰው ያጣል። ይህን ሁሉ ካሳ የነገረኝ መኪናዬ ሥር ተጋድሞ ሲበይድ ነው። እኔም የሽማግሌ ተረት ብዬ ስቄበት ነበር።

ካሳ ብየዳ የለመደው የመስኖ ጉድጓድ ሲቆፈር ነው። በቀን ሠራተኝነት ገብቶ ቧንቧ ሲያቀብል ሲያቀብል በያጅ ሆኖ ወጣ፣ ከዚያም ኮቦ መጥቶ የራሱን ቤት ከፈተ። መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ ከኋላዋ ቁጢጥ ይልና መዳፉን ከማርሚታው አፍ ፊት ለፊት ይዘረጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ የጭሱን ግፊት ያዳምጣል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ ደግሞ የማሽላ አገዳ ወደ ውስጥ ይሰድዳል። አገዳው ላይ በቢላ የተበጡ ምልክቶች አሉ፤ ስፋቱንም ጥልቀቱንም የሚለካው በእነሱ ነው። ሜትር መግዣ አጣህ ወይ ስትሉት፣ እርጥብ አገዳ በጠማማ ቧንቧ ውስጥ ይለመጣል፣ ብረት ግን አይለመጥልኝም ይላል። የሚያናድደው ደግሞ ልኩ ተሳስቶ አያውቅም።

ወደ ራሴ ልምጣ። እነዳ የነበረው ለእትዬ ኡሙልኸይር ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ከኮቦ ገበሬ እየገዙ መቀሌ የሚያወርዱ ነጋዴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ንግዱን ብቻቸውን ይዘውታል፤ ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ አይልም፣ ዝቅ ይላል እንጂ፣ ያን ጊዜ ነው መፍራት። መኪናቸው ቱርቦ ያላት ባለ ስድስት ጎማ ነበረች። ቱርቦ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠቀለለች ዕቃ ናት። ጭሱ ሲወጣ በውስጧ ያለችውን ትንሽ መዘውር ያሽከረክራታል፤ መዘውሯ ደግሞ በወዲያኛው ጫፏ አየር ጠቅጥቃ ወደ ሞተሩ ትከታለች። አየር ሲበዛ ነዳጁ ደህና ይነድዳል፣ ጉልበት ይመጣል። ይህን የማውቀው አሁን ነው እንጂ ያኔ ለእኔ ቱርቦ ማለት ዳገት ላይ የምታፏጭ ነገር ነበረች።

ሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ አሮጌው ማርሚታ በስብሶ ተቆረጠ። ካሳ ከመስኖ ሥራ የተረፈ ባለ አራት ኢንች ቧንቧ ገጠመልኝ። ባለ አራት! የድሮው ሦስት እንኳ አይሞላም ነበር። ሞተሩን አስነሥቼ ብሰማው ድምፁ ሳሳብኝ። እኔ እጄን ያፍታታሁት ቱርቦ በሌላት አሮጌ መኪና ላይ ነው፤ ያስተማሩኝ ሹፌሮችም ጉልበት ማለት የታፈነ ጭስ ነው፣ ማርሚታው ከሰፋ ጉልበቱ ይፈስሳል ይሉ ነበር። ይህንኑ ለካሳ ነገርኩት። ለአሮጌዋ ይሁንላት፣ ቱርቦ ላላት ግን ከመዘውሯ በኋላ ያለውን የጭስ መንገድ ልቀቅላት አለኝ። እኔም ደግሞ የጎርፍ ጠላፊ ልጅ ስለ ቱርቦ ሊያስተምረኝ ነው ብዬ በልቤ ናቅሁት።

እንግዲህ ያደረግሁትን ስሙ። ጭኜ እንኳ ሳልሞክራት፣ በማግስቱ መንገድ ላይ አንድ በያጅ ዘንድ ቆምኩ። ስሙንም ከተማውንም አልጠራም፤ እሱ ያዘዝኩትን ነው የሠራው። ማርሚታውን ከአፉ አንድ ክንድ ገባ ብሎ አስቆረጥኩና ከወፍራም ብረት የተሠራች ቀለበት ውስጡ አስበየድኩ። ቀዳዳዋ የሻይ ብርጭቆ አፍ ታክላለች። ቧንቧውን መልሶ ሲገጥመው እንዳይታወቅ ጥቁር ቀለም ቀባሁበት። ድምፁ ወፈር አለ፤ እኔም ይኸው ጉልበቷ ተመለሰ ብዬ እያፏጨሁ ነዳሁ። ለካሳም ለእትዬም ትንፍሽ አላልኩም።

ከአላማጣ በላይ ግራ ካሕሱ የሚባል ዳገት አለ፤ መጠማዘዣው ማለቂያ የለውም። ሽንኩርት ጭኜ ስገባበት መኪናዋ ታቃስት ጀመር። ከኋላ ጥቁር ጭስ፣ ከፊት የሙቀት መለኪያው ወደ ቀይ፣ ማርሽ ደግሞ አንድ። ሚኒባስ አለፈኝ። ነዳጅ የጫነ ቦቴ አለፈኝ። ምን አለፋችሁ፣ ለማቀዝቀዝ ቆሜ ሳለ እንጨት የጫነች አህያ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ አለፈችኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቀለበቷን ይጠረጥር ነበር። እኔ ግን ቀለበቷ አነሰች አልኩ! ስመለስ እዚያው ሰውዬ ዘንድ ሄጄ ከፊተኛዋ የምትጠብ ሁለተኛ ቀለበት አስጨመርኩ። መኪናዋ ባሰባት፣ እኔም ባሰብኝ። ከዚያ ወዲያ ጎብዬ ሻይ ስጠጣ፣ ሮቢት ምሳ ስበላ፣ ዋጃ ጎማ ሳስነፋ፣ ካሳ ማርሚታውን አስፍቶ የመኪናዬን ጉልበት አፈሰሰው እያልኩ አወራሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው። የሹፌር ወሬ ደግሞ ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። ሦስት ወር ሳይሞላ የካሳ ደጃፍ ጭር አለ፤ እንዲያውም በርና መስኮት ልጀምር እንዴ ብሎ ጎረቤቱን አማከረ ሲሉ ሰማሁ።

ጥር ላይ እትዬ ኡሙልኸይር መረራቸው። ሁለት ጊዜ ቲማቲሙ መንገድ ላይ ፈርሶባቸዋል፣ ደሴም መኪናዋን የሚገዛ ሰው አግኝተዋል። አንድ ጠዋት አርባ ኩንታል ሽንኩርት አስጭነው ከጎኔ ተቀመጡና ወደ ካሳ ቤት ንዳ አሉኝ። ካሳ ባዶ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘነው። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«ዛሬ ግራ ካሕሱን ሳትቆም ከወጣች ትቀራለች። ካልወጣች ነገ ደሴ ወርዳ ትሸጣለች፤ ዘላለምም ሌላ መሪ ይፈልግ። ካሳ፣ ማርሚታውን የሠራኸው አንተ ነህ። ካልወጣች ወላሂ፣ አንድ ሹፌር ደጅህን እንዳይረግጥ አደርጋለሁ።»

ካሳ አልተከራከረም። እንደ ልማዱ ከኋላዋ ቁጢጥ አለና መዳፉን ዘረጋ። ፊቱ ተለወጠ። ሞተሩን አስጠፋኝ፣ እስኪበርድ ጠበቀ፣ አገዳውን የቧንቧውን ግድግዳ አስታክኮ ሰደደ። አገዳው አንድ ክንድ ገብቶ ቆመ። ገፋው፣ ቆመ። ቧንቧውን በጥፍሩ ቢፈቀፍቀው ጥቁሩ ቀለም ተላጠና እሱ ያልበየደው የብየዳ ጠባሳ ብቅ አለ። ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። አሁን ይለዋል፣ አሁን ያወጣዋል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ወደ እትዬ ዞሮ ጅራቱ ተደፍኗል ብቻ አለ፣ መቁረጫውንም አስነሣ።

ሁለቱ ቀለበቶቼ ጥላሸት ለብሰው አንድ በአንድ መዳፉ ላይ ወጡ። እትዬ አገላብጠው አዩዋቸውና ማን ከተታቸው አሉ። ካሳ መቁረጫውን መሬት አስነክቶ፣ በእጀታው ላይ ተደግፎ ዝም አለ። አባቱ አካፋቸውን ተደግፈው እንደሚቆሙት ማለት ነው፤ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሳቅሁበት ያልኳችሁ ተረት እፊቴ ቆሞ ነበር። እኔስ? ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። እትዬም እንግዲህ አንተው ነሃ፣ የሠራኸው አንተ አይደለህ ወይ አሉት። እሱ አላስተባበለም። እኔም አልተናገርኩም። በሕይወቴ ብዙ ቀልያለሁ፣ እንደዚያን ጊዜ ግን አልቀለልኩም።

ቧንቧውን መልሶ በየደውና ሦስታችን ጋቢና ገባን፤ እትዬ በመስኮት በኩል፣ ካሳ መሃል። ከዋጃ ወዲያ ካሳ እንደ ጨዋታ አድርጎ ለእትዬ ያስረዳቸው ጀመር። መዘውሯን የሚያሽከረክራት ከፊቷ የሚመጣው ግፊት ብቻ አይደለም፣ ከኋላዋ ያለው ክፍት መንገድም ነው። ከኋላ ከታፈነ ጭሱ ይተኛል፣ መዘውሯ ትሰንፋለች፣ አየሩ ያንሳል፣ ያልነደደው ነዳጅ ጥቁር ጭስ ይሆናል፣ ሞተሩም ይግላል። ልክ እንደ ጠለፋ ነው አላቸው። እትዬም የገበሬ ልጅ ናቸው፤ እንዲህ ነው እንዴ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ግራ ካሕሱ ሥር ስንደርስ ማርሽ ሦስት አስገብቼ ነዳጅ ሰጠኋት። ቱርቦዋ መጀመሪያ ቀጭን ድምፅ አሰማች፣ ከዚያ ፉጨቷ ከፍ አለ፣ አሁንም ከፍ አለ፣ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋው። እናንተዬ! አርባ ኩንታል እኮ ነው የተጫነው! የመጀመሪያውን መጠማዘዣ ዞርን፣ ሁለተኛውን ዞርን፣ ማርሽ መቀነስ የለ፣ መቆም የለ። የሙቀት መለኪያው መሃል ላይ ተቸንክሮ ንቅንቅ አላለም። በመስታወት ወደ ኋላ ባይ ጥቁር ጭስ ጠፍቷል፤ የሚታየው ቁልቁል የቀረው አላማጣ ነው። ፊት ለፊቴ ሚኒባስ መጣ፣ ቀደምኩት። ቦቴ መጣ፣ ክላክስ እየነፋሁ ቀደምኩት። እትዬ እጀታውን ጨብጠው ቢስሚላህ ቢስሚላህ ሲሉ ነበር፤ ሰባተኛው መጠማዘዣ ላይ ግን በጣታቸው እያሳዩ ያንን አውቶቡስም ቅደመው አሉኝ! እኔ መሪውን እየደበደብኩ እስቃለሁ፣ ካሳ በጉልበቱ መሃል እጁን አጣምሮ ፉጨቷን ያዳምጣል። ደስታ ሰው የሚገድል ቢሆን ያን ቀን እሞት ነበር።

ኮረም አፋፍ ላይ ስንወጣ ሳትቆም ወጥታ ነበር፤ ያቆምኳት እኔ ነኝ። ነፋሱ ብርድ ነው። እትዬ ወርደው ሻርፓቸውን ተከናነቡና አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያ ወደ ካሳ ዞረው፣ ሥራህስ ድንቅ ነው፣ ግን ሦስት ወር ሙሉ ዕቃዬን ያስበሰበስከው ሆን ብለህ ነው ወይስ ሳታውቅ ነው አሉት። ካሳ እጁን ኪሱ ከተተ። ሁለቱን ቀለበቶች አውጥቶ ጎን ለጎን ከፊት መከላከያው ላይ አስቀመጣቸው፣ በሩን ተደግፎም ወደ ቆላው ተመለከተ። ወደ እኔ እንኳ አላየም። ቢያየኝ ምናለ፣ ቢሰድበኝ ምናለ አልኩ። መልስ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር።

ሁለት ቃል ናት። ከአርባ ኩንታል ሽንኩርት ትከብዳለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እትዬ፣ ሁለቱንም ያስበየድኳቸው እኔ ነኝ። ካሳ አያውቅም። ስሙንም በየሻይ ቤቱ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ወረደ» አለ ካሳ።

አለና ሳቀ። ያን ሰው ስቆ አይቼው አላውቅም ነበር። ትከሻዬን በዚያ በብየዳ በተቃጠለ እጁ ሲመታኝ እንባዬ መጣ፤ ብርዱ ነው ብዬ ጠረግሁት።

የእትዬ ግን ቶሎ አልወረደም። ቁልፉን ከእጄ ወሰዱ። ቀለበቶቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የወጣነውን ዳገት አዩ። እኔም በልቤ መኪናዋን ተሰናበትኳት። በመጨረሻ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ መጣ።

«ቁልፉን እመልስልሃለሁ» አሉ። «ግን የዚህን ሰው ስም ባጠፋህበት ቤት ሁሉ ገብተህ፣ ቁጭ ብለህ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትናገራለህ። አንድ ቤት ብትዘልል እሰማለሁ።»

ከዋጃ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ሰዉ ግን አህያዋ ጋ ስደርስ በሳቅ ፈረሰ፣ ሻይም ጋበዘኝ። ሮቢት ተናገርኩ፣ ጎብዬ ተናገርኩ። ወር ሳይሞላ የካሳ ደጃፍ መኪና መቆሚያ አጣ። እኔም ከማጥበብ አባዜ ወጥቼ ወደ ማስፋት ገብቼ ነበር፤ አንድ ቀን ባለ ስድስት ኢንች ግጠምልኝ ብዬ ሄድኩ። ካሳ አገዳውን አንሥቶ ምልክቱን አሳየኝና፣ ለዚች ሞተር አራት ይበቃታል፣ ከዚያ በላይ ያለው ጉልበት ሳይሆን የምትሸከመው ብረት ነው አለኝ። ልክ ነገር ላይ ቀልድ አያውቅም።

ቀለበቶቹን ደጃፉ ላይ በሚስማር የሰቀልኳቸው እኔ ነኝ። ዛሬም ማርሚታዬን አጥብብልኝ የሚል የቱርቦ ሹፌር ሲመጣ ካሳ አይከራከርም፤ በአገጩ ወደ ሚስማሩ ያመለክታል። በእትዬ የታዘዝኩት ሻይ ቤት ሁሉ ካለቀ ዓመታት አልፈዋል። ግን አዲስ ሹፌር አይጠፋም፣ ወሬውን ሰምቶ የሚጠይቅም አይጠፋም። ባለፈው ጎብዬ አንዱ ወጣት አጠገቤ ተቀምጦ፣ አንድ ሞኝ ሹፌር ነበር አሉ፣ መኪናውን በገዛ እጁ ያነቀ፣ ታውቀዋለህ እንዴ ጋሼ ብሎ ጠየቀኝ። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ፣ አፌን ጠረግሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።